«ባክቴሪያ ለተራበ ሕዝብ ምኑ ነው?» ለሚሉ ጓዶች

ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባችን፣ ከአቡ ዳቢ የመጡት ጓዶች ያን ሁሉ የበረሃ መንገድ አቋርጠው አል ዐይን በተገናኘንበት ዕለት፣ አንዲት የባዮሎጂ ተማሪ እኅታችን ስለ ጥናቷ ማብራሪያ መስጠቷን በቦታው የነበራችሁ ሁሉ ታስታውሳላችሁ። ርእሷ፣ ባክቴሪያዎች አሚኖ አሲድ የሚሠሩባቸውን ጂኖች በምን ዘዴ እንደሚከፍቱና እንደሚዘጉ የሚመለከት ነበር። ገና ንግግሯን ሳትፈጽም አንድ ጓድ እጁን አውጥቶ፣ «ይህ ሁሉ ለተራበ ሕዝብ ምኑ ነው?» ሲል ጠየቀ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኅታችን መልስ ለመስጠት ስትነሣ ሰብሳቢው ሰዓት ማለቁን አሳወቀና ወደ መዋጮ ጉዳይ ተሻገርን።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያን ቀን ያልተሰጠውን መልስ መስጠት ነው። ጓዱን ለማሳፈር አይደለም፤ ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በሰፊው ሕዝብ ላብ ፊደል የቆጠረ ሰው «የተማርኸው ለማን ይጠቅማል?» ተብሎ ቢጠየቅ ሊቆጣ አይገባውም። ስሕተቱ ያለው በጥያቄው ላይ ሳይሆን በጭብጨባው ላይ ነው። ያጨበጨብነው መልሱን አስቀድመን የምናውቅ መስሎን ነውና። በእኔ አስተያየት ግን አናውቀውም። ይባስ ብሎም፣ የመልሱ አንዱ ክፍል ከገዛ አገራችን፣ ከወሎ ገበሬ ማሳ ከተገኘ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ባክቴሪያው እንዴት ይሠራል?

በመጀመሪያ ነገሩን እንረዳው፤ ሳይረዱ መንቀፍ የምሁር ወግ አይደለምና። ፕሮቲን የሚባለው ሁሉ፣ የሰው ጡንቻም ሆነ የባክቴሪያ ኢንዛይም፣ እንደ ዶቃ ተሰካክተው ከሚያያዙ 20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች የተሠራ ነው። ከእነዚህ ውስጥ 9ኙን የሰው አካል ራሱ መሥራት ስለማይችል የግድ ከምግብ ማግኘት አለበት። ላይሲንና ትሪፕቶፋን ከዘጠኙ መካከል ናቸው። በአንጀታችን ውስጥ የሚኖረው ኢሺሪሺያ ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ግን ስኳርና ጥቂት ማዕድናት ካገኘ ሃያውንም ራሱ ይሠራል። በዚህ ረገድ ከእኛ የላቀ ባለሙያ ነው።

ይሁን እንጂ ሥራው ጉልበት ይጠይቃል፤ በተለይም ትሪፕቶፋን ከሁሉ ይበልጥ ብዙ ጉልበት የሚፈጅ አሚኖ አሲድ ነው። ስለሆነም ባክቴሪያው ትሪፕቶፋንን ከውጭ ባገኘ ጊዜ ሥራውን ማቆም፣ ባጣ ጊዜ መጀመር አለበት። ይህንንም የሚያደርገው በሦስት ደረጃ ነው።

አንደኛው ደረጃ በ1950ዎቹ ዓመታት የታወቀ ነው። የሥራው መጨረሻ የሆነው አሚኖ አሲድ ሲበዛ፣ ተመልሶ የመጀመሪያውን ሥራ በሚሠራው ኢንዛይም ላይ ይለጠፍና ያግደዋል። ጎተራው ሲሞላ ወፍጮው ራሱ የሚቆም ዓይነት ነው።

ሁለተኛው ደረጃ በጂኖቹ ላይ የሚደረግ ቁጥጥር ነው። በፓሪስ የፓስተር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች የነበሩት ፍራንሷ ዣኮብና ዣክ ሞኖ በ1961 ባወጡት ጽሑፍ፣ በአንድ ሥራ ላይ የሚተባበሩ የባክቴሪያ ጂኖች በአንድ መስመር ተደርድረው በአንድ በር እንደሚከፈቱና እንደሚዘጉ አስረዱ፤ ይህንንም አደረጃጀት «ኦፔሮን» ብለው ሰየሙት። ከአንድሬ ልዎፍ ጋር ሆነው በ1965 የኖቤል ሽልማት አገኙ። ትሪፕቶፋን የሚሠሩት አምስት ጂኖች እንዲህ ባለ አንድ ኦፔሮን ውስጥ ይገኛሉ። በሩን የሚዘጋው አንድ ፕሮቲን ነው፤ ይህ ፕሮቲን ግን ብቻውን ምንም አያደርግም። ትሪፕቶፋን ሲበዛና ሲይዘው ብቻ ነው ከበሩ ላይ ተቀምጦ የሚዘጋው። ትሪፕቶፋን ሲጠፋ ይለቅና በሩ ይከፈታል።

አል ዐይን የምንኖር ሁሉ ይህን በዓይናችን እናየዋለን። በተምሩ አትክልት ውስጥ የሚያልፉትን የፈለጅ ቦዮች የማያውቅ ከመካከላችን የለም። ከመሬት ውስጥ ለውስጥ ተስቦ የሚመጣው ውሃ በየአትክልቱ መግቢያ በተራ ይከፈታል፣ በተራ ይዘጋል። በአገራችንም ባህላዊ መስኖ ባለበት ቦታ ገበሬዎች የሚመርጡት የውሃ አባት አለ፤ ማሳው መጠጣቱን አይቶ ቦዩን በአፈር ይደፍናል፣ ለሚቀጥለው ባለተራ ይከፍታል። ኦፔሮን ማለት በሩ ከአምስቱ ማሳዎች በላይ የሆነ ቦይ፣ የውሃ አባቱም ራሱ ትሪፕቶፋን የሆነበት መስኖ ነው።

ሦስተኛው ደረጃ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው፤ እኅታችን ልታስረዳ ስትጀምር ያቋረጥናትም እዚህ ላይ ነበር። በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ቻርልስ ያኖፍስኪ (1925–2018) በሩን የሚዘጋው ፕሮቲን የተበላሸባቸው ባክቴሪያዎች እንኳ ቁጥጥራቸው ፈጽሞ እንደማይጠፋ አስተዋሉ። ምክንያቱን ለማግኘት እሳቸውና ተማሪዎቻቸው በ1970ዎቹ ዓመታት ውስጥ ብዙ ደከሙ። ያገኙት ይህ ነው። ከአምስቱ ጂኖች በፊት 160 ያህል ፊደል ርዝመት ያለው መግቢያ አለ። በዚህ መግቢያ ውስጥ 14 አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት ትንሽ ፕሮቲን ተጽፏል። ከ14ቱም 10ኛውና 11ኛው፣ ጎን ለጎን፣ ሁለቱም ትሪፕቶፋን ናቸው።

ይህ ለምን ይሆን? ባክቴሪያ እንደ እኛ ሕዋስ አስኳል ስለሌለው፣ የጂኑ ግልባጭ የሆነው አር.ኤን.ኤ. ገና ተጽፎ ሳያልቅ ራይቦዞም የተባለው አንባቢ ከኋላ ከኋላው እየተከተለ ያነበዋል። ትሪፕቶፋን በሞላ ጊዜ አንባቢው ሁለቱን ቦታዎች ሳይደናቀፍ ያልፋል። ያን ጊዜ ከፊቱ ያለው የአር.ኤን.ኤ. ክር ተጣጥፎ እንደ ጸጉር ማስያዣ ያለ ቋጠሮ ይሠራል፤ ቋጠሮውም ጸሐፊውን ከገጹ ላይ ያስወርደዋል፣ አምስቱ ጂኖች ሳይጻፉ ይቀራሉ። ትሪፕቶፋን በጠፋ ጊዜ ግን አንባቢው በሁለቱ ቦታዎች ላይ ተገትሮ ይቆማል። እሱ በመቆሙ የተነሣ ክሩ በሌላ መልክ ይታጠፋል፣ የሚያስቆመው ቋጠሮ አይፈጠርም፣ ጸሐፊውም ወደ አምስቱ ጂኖች ይዘልቃል። የሂስቲዲን ኦፔሮን መግቢያም በዚሁ መንገድ የሚሠራ ሲሆን በእሱ ውስጥ ሰባት ሂስቲዲኖች በተርታ ተጽፈዋል። በሩን የሚዘጋው ፕሮቲን ሥራውን 70 እጥፍ ያህል፣ ይህ የመግቢያ ዘዴ ደግሞ 10 እጥፍ ያህል ይቀንሰዋል፤ ሁለቱ በአንድነት 700 እጥፍ ያህል ማለት ነው።

እንግዲህ ጓዶች ልብ በሉ። ባክቴሪያው ትሪፕቶፋን መኖሩን የሚያውቀው የጎተራውን ቆጠራ ጠብቆ ብቻ አይደለም። ሥራውን ራሱ ሞክሮ፣ «ይህን ቃል ማንበብ እችላለሁን?» ብሎ በተግባር ፈትኖ ነው። ረሀቡን የሚያውቀው በወሬ ሳይሆን በእጁ መታሰር ነው። የባክቴሪያን ኑሮ ለሰው ልጅ ኅብረተሰብ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ስሕተት መሆኑን፣ እንዲህ ያለው አስተሳሰብም ባለፈው ዘመን ለዘረኞች መሣሪያ እንደ ሆነ አልዘነጋሁም። እኔም ለማስረጃ ሳይሆን ለምሳሌ ነው ያነሣሁት። ምሳሌው የት እንደሚያደርሰን ከታች እንመለስበታለን።

ከቤተ ሙከራ ወደ ገበያ

ጠያቂው ጓድ እዚህ ላይ «ደግ ነው፣ ግሩም ነው፤ ግን ዳቦ አይሆንም» ሊለኝ ይችላል። ዳቦ መሆኑን ላሳየው።

እህል ብቻ ለሚበላ ሰው ከሁሉ ቀድሞ የሚያጥረው አሚኖ አሲድ ላይሲን ነው። በቆሎ፣ ማሽላና ስንዴ ሁሉም ላይሲናቸው አነስተኛ ነው፤ ጤፍ ከእነሱ ይሻላል። ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራና ምስር ግን ላይሲን የበዛባቸው ናቸው። እናቶቻችን እንጀራን ከሽሮና ከክክ ጋር ሲያቀርቡልን ላይሲን የሚል ቃል ሰምተው አያውቁም፤ ዕውቀቱ ግን በእጃቸው ነበረ። ጥራጥሬ የመግዛት አቅም ያጣ ቤተሰብ በደረቅ እንጀራ ወይም በደረቅ ቂጣ ብቻ ሲያድር ልጁ የሚያጣው ሌላ ነገር ሳይሆን ይህን ነው። ዶሮም እንዲሁ ነው፤ በበቆሎና በኑግ ፋጉሎ ብቻ የተመገበ ዶሮ ላይሲን ስለሚያጥረው እንደሚገባው አያድግም።

ታዲያ ዓለም ይህን ጉድለት የሚሞላው በምንድር ነው? በባክቴሪያ ነው። በ1956 በጃፓን የኪዮዋ ሃኮ ኩባንያ ተመራማሪ የነበሩት ሹኩኦ ኪኖሺታ ከነባልደረቦቻቸው፣ ግሉታሚክ አሲድን ወደ ውጭ እያፈሰሰ የሚጥል የአፈር ባክቴሪያ አገኙ፤ ኮሪኒባክቴሪየም ግሉታሚከም ይባላል። ብዙም ሳይቆይ ከዚሁ ባክቴሪያ ላይሲን ለማውጣት ፈለጉ። እዚህ ላይ ነው የእኅታችን ትምህርት የሚገባው። በዚህ ባክቴሪያ ውስጥ የላይሲንን ሥራ የሚያግደው ላይሲን ብቻውን አይደለም፤ ላይሲንና ትሪዮኒን የተባለው ሌላ አሚኖ አሲድ በአንድነት ሲገኙ ነው። ስለሆነም ተመራማሪዎቹ ወደ ትሪዮኒን የሚወስደው መንገድ የተቆረጠበትን ባክቴሪያ መረጡ። ትሪዮኒን በበቂ ካልተሠራ ልጓሙ አይያዝም፤ ልጓሙ ካልተያዘ ላይሲኑ ከባክቴሪያው ሞልቶ ይፈሳል። ይህን ለማድረግ መዶሻ አላስፈለገም፤ ያስፈለገው የቁጥጥሩን ሥርዓት ማወቅ ነው።

ዛሬ በዓለም ላይ በዚህ መንገድ የሚመረተው ላይሲን በዓመት ከ2 ሚሊዮን ቶን በላይ ነው። ባክቴሪያው የሚመገበው ስኳር፣ ከበቆሎ የሚወጣ ግሉኮስና ሞላሰስ ነው። አብዛኛው የላይሲን ምርት በዶሮና በአሳማ መኖ ውስጥ ይገባል። አቡ ዳቢ ውስጥ በየሱቁ ከምንገዛው ዶሮ ብዙው ያደገው እንዲህ ባለ መኖ ነው ማለት ነው። «ለተራበ ምኑ ነው?» ያልነውን ነገር ሳናውቀው ማታ ማታ በሩዝ እየበላነው እንውላለን።

ከበርቴው ግን ጥቅሙን ከእኛ ቀድሞ ያውቃል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከአሜሪካ፣ ከጃፓንና ከኮሪያ የሆኑ የላይሲን ኩባንያዎች በድብቅ ተስማምተው የዓለምን ዋጋ ይወስኑ ነበር። የአሜሪካው አርቸር ዳንየልስ ሚድላንድ በ1996 ጥፋቱን አምኖ 100 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፤ ከዚህ ውስጥ 70 ሚሊዮኑ ስለ ላይሲን፣ የቀረው ስለ ሲትሪክ አሲድ ነበር። ሹማምንቱም ታሰሩ። አንድን የባክቴሪያ ልጓም መፍታት የዓለም ገበያ ሽኩቻ እስከ መሆን ከደረሰ፣ «ይህ ረቂቅ ነገር ነው፣ እኛን አይመለከትም» ማለት የዋህነት ነው። እኛን አይመለከትም ስንል የሚመለከታቸው ሌሎች በስማችን ይወስኑልናል።

ወተት በጉንጬ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በ1973 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ራሜሽዋር ሲንግና ጆን አክስቴል፣ ከዓለም ዙሪያ ከተሰበሰቡ የማሽላ ዘሮች ውስጥ 9,000 ያህሉን ከመረመሩ በኋላ፣ ላይሲናቸው ከሁሉ የላቀ ሁለት ዘሮች ማግኘታቸውን አስታወቁ። በተራ ማሽላ ፕሮቲን ውስጥ ላይሲን 2 በመቶ ያህል ሲሆን በእነዚህ ግን ከ3 በመቶ በላይ ነው። አይ.ኤስ. 11167 እና አይ.ኤስ. 11758 የሚል ቁጥር የተሰጣቸው እነዚህ ሁለት ዘሮች የመጡት ከኢትዮጵያ፣ ከወሎ ነው።

ለወሎ ገበሬ ግን ቁጥር አላስፈለጋቸውም፤ ስም ነበራቸው። ከዓለማያ ተመራማሪዎች እነ ብርሃነ ገብረኪዳን በኋላ እንደ መዘገቡት፣ ገበሬው አንዱን «ወተት በጉንጬ»፣ ሌላውን «ማርጩቄ» ይለዋል። ፍሬው የተጨማደደ ስለሆነ ለዓይን አያምርም፤ ምርቱም ከሌላው ያንሳል። ሆኖም ገበሬው ከሌላው ማሽላ ጋር አሰባጥሮ በመጠኑ ይዘራዋል፤ ገና እሸት ሳለም ጠብሶ ይበላዋል። ጣዕሙን ከወተትና ከማር ጋር ያመሳሰለው ሰው የማንንም ቤተ ሙከራ አልጠየቀም። ለዘመናት እየመረጠ፣ እየለየ፣ ለልጁ እያወረሰ ጠብቆ አቆየው። በገብስም ያው ነው፤ በስዊድን ተመራማሪዎች በ1970 ታውቆ «ሂፕሮሊ» የተባለው ላይሲነ ብዙ ገብስ ምንጩ ኢትዮጵያ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይህ ነው።

ዓመቱን ደግሞ ተመልከቱ፤ 1973። የፐርዱ ጽሑፍ በታተመበት በዚያው ዓመት ወሎ በረሀብ ይረግፍ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ወርደው ያዩትን ለማሳወቅ ሞከሩ፤ መንግሥት ሸፈነ። ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት ወር በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ባሳየው ፊልም ነው ዓለም ያወቀው። የሟቾቹ ቁጥር በአሥር ሺዎች እንደሚቆጠር ማንም አይክድም። በዓለም ላይ ከሁሉ የተሻለ የማሽላ ፕሮቲን የፈጠረ ገበሬ የሞተው እህል አጥቶ ነው።

እዚህ ላይ ራሳችንን ማታለል የለብንም፤ ጠያቂው ጓድ ትክክል የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። የወሎ ረሀብ የላይሲን እጥረት አልነበረም። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ረሀቡ ባየለበት ጊዜ እንኳ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይጫን ነበር። ገበሬው ከብቱ አልቆበት፣ ምርቱ ደርቆበት፣ የባለ ርስት ድርሻ ተጭኖበት የሚገዛበት ገንዘብ አጣ። የጠፋው እህሉ ብቻ ሳይሆን በእህሉ ላይ ያለው መብት ነው። በ1984 እና በ1985 ረሀቡ በዚያው በወሎ፣ በቆረም ሜዳ ላይ ሲደገም የባለ ርስት ሥርዓት ቀርቶ ነበር፤ ረሀቡን የመሸፈን ልማድ ግን አልቀረም። ያ ሥራውን በተግባር ፈትኖ እጥረቱን የሚያውቀው ባክቴሪያ ትዝ ሊለን የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሁለት መንግሥታት የገበሬውን እጥረት ከገበሬው ከመስማት ይልቅ የሹማምንትን ሪፖርት ማንበብ መረጡ። ስለሆነም ላይሲን በቤተ ሙከራ ቢፈስስ፣ ሕዝቡ የሚናገርበትና የሚሰማበት ሥርዓት ከሌለ ረሀብ አይጠፋም። ይህን የማያምን ተማሪ የሣይንስ ባለሙያ ሊሆን ይችላል፤ የሕዝብ ልጅ ግን አይሆንም።

ግን የቀረውንም ግማሽ እንናገር

ጓዱ የሚሳሳተው ከዚህ እውነት ተነሥቶ «ስለዚህ ሣይንሱ ይቆየን» ሲል ነው። መብቱ የተከበረለት ገበሬም ቢሆን የሚዘራው ዘር፣ ልጁም የሚበላው ምግብ ያስፈልገዋል። የወሎው ማሽላ በሰፊው ያልተባዛው ፍሬው የተጨማደደና ምርቱ አነስተኛ ስለሆነ ነው። ላይሲኑን ሳይለቅ ፍሬውን ማሞላት ይቻላልን? ይህ ጥያቄ ከጂን ቁጥጥር ውጭ አይመለስም።

በቆሎ የሰጠን ትምህርት አለ። በ1964 በዚያው በፐርዱ «ኦፔክ 2» የተባለው ላይሲነ ብዙ በቆሎ ታወቀ። እሱም እንደ ወሎው ማሽላ ፍሬው ለስላሳና ቀላል ነበር። ቆይቶ እንደ ታወቀው፣ የኦፔክ 2 ጂን በደኅናው በቆሎ ውስጥ የሌሎች ጂኖችን በር የሚከፍት ፕሮቲን ይሠራል። እሱ ሲበላሽ ላይሲን የሌለበት ማለት የሚቻለው የበቆሎ ፕሮቲን ይቀንሳል፤ ላይሲን ያለባቸው ሌሎች ፕሮቲኖች ቦታውን ይይዛሉ። ነገሩ ያው የዣኮብና የሞኖ ነገር ነው፤ የበር ጉዳይ ነው። ሱሪንደር ቫሳልና ኤቫንጄሊና ቪዬጋስ በሜክሲኮ ለዓመታት ደክመው ፍሬው ጠንካራ የሆነ ላይሲነ ብዙ በቆሎ አወጡ፤ በ2000 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው። የዚያ በቆሎ ዝርያዎች በባኮ ምርምር በኩል ወደ እኛም አገር ገብተዋል። ከሜክሲኮ የመጣው በቆሎ ይህን ያህል ሰው ሲያገኝ የወሎው ማሽላ ያን ያህል ሰው አላገኘም። ማን ያግኝለት? ሜክሲኮ ናትን?

«እኛ ምን አቅም አለን?» የሚል ካለ ገቢሳ እጄታን ይመልከት። ከዓለማያ ተነሥቶ በፐርዱ በ1978 ዶክትሬቱን ያገኘው፣ በሱዳን ድርቅ የሚቋቋም ዲቃላ ማሽላ ያወጣውና በኋላም አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ያበቃን ይህ ወገናችን በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተቀበለ። አቀንጭራን ያሸነፈው በማረሻ አይደለም። የአቀንጭራ ዘር የማሽላው ሥር የሚያመነጨውን ኬሚካል ካላገኘ አይበቅልም፤ ገቢሳና ባልደረቦቹ ይህን ምልክት አጥንተው ምልክቱን የማይሰጥ ማሽላ መረጡ። ያን ጊዜ አንድ ሰው ተነሥቶ «የሥር ኬሚካል ለተራበ ምኑ ነው?» ብሎ አስጨብጭቦ ቢሆን ኖሮስ?

ምን እናድርግ?

ሂስ ያለ ሥራ ከንቱ ነው። ስለዚህ ለሚመጣው ስብሰባ የሚከተሉትን አራት ሐሳቦች አቀርባለሁ።

ሀ/ እኅታችን ያቋረጥናትን ንግግር እንድትጨርስ ሙሉ ሰዓት ይሰጣት። ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ግለ ሂስ ነው። ከዚያም በኋላ በየስብሰባው አንድ አባል የሚያጠናውን ነገር ለሌላው በአማርኛ ያስረዳ። በገዛ ቋንቋችን ማስረዳት ያልቻልነውን ነገር ገና አልተማርነውም። ይህን ጽሑፍ ስጽፍ እኔ ራሴ ስንት ቦታ እንደ ተገተርሁ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ያኖፍስኪ እንዳሉት አንባቢ ቃሉ ላይ ስደርስ እየቆምሁ።

ለ/ በአል ዐይንም ሆነ በአቡ ዳቢ በሕይወት ሣይንስ የምንማር ሁሉ የመመረቂያ ጥናታችንን ስንመርጥ አገራችንን እንድናስብ ይሁን። ይህች አገር ለዚህ የተመቸች ናት። በአቡ ዳቢ ዳርቻ ያለው ሳብኻ በጨው የተነጠፈ መሬት ነው፤ በዚያ ጨው ላይ ተነጥፈው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሉ። ባሲለስ ሰብቲሊስ የተባለው የአፈር ባክቴሪያ ጨው ሲበዛበት ፕሮሊን የተባለውን አሚኖ አሲድ የሚሠሩ ጂኖቹን ከፍቶ ውሃው እንዳይነጠቅበት ራሱን ያድናል። በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራ አካባቢ፣ በመስኖ ምክንያት ጨው የወረሰው እርሻ መኖሩን የማያውቅ የእርሻ ተማሪ የለም። እዚህ የምንማረው የጨው ትምህርት እዚያ ይፈለጋል።

ሐ/ ከወንጂ ጀምሮ በስኳር ፋብሪካዎቻችን ሞላሰስ ተረፈ ምርት ሆኖ ይወጣል። ከዚህ ሞላሰስ የመኖ ላይሲን ማምረት ያዋጣል ወይስ አያዋጣም? የምህንድስናና የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ከባዮሎጂዎቹ ጋር ሆነው ስሌቱን ይሥሩት። አያዋጣም የሚል መልስ ቢገኝ እንኳ በአኃዝ የተደገፈ «አያዋጣም» በጭብጨባ ከተደገፈ «ይውደም» ይበልጣል። የትልልቆቹ ኩባንያዎች ዋጋ እንዴት እንደሚወሰንም ከላይ አይተናል፤ ስሌቱ ይህን ይጨምር።

መ/ በዚህች አገር በሰው ቤት ተቀጥረው የሚደክሙ እኅቶቻችን ቁጥር ከእኛ ከተማሪዎቹ እጅግ ይበልጣል። ለአገር ቤት ልጆቻቸው ወተትና ዱቄት የሚገዛው በእነሱ ላብ ነው። ማኅበራችን በዕረፍት ቀናቸው ሊያገኛቸው፣ ስለ ልጆች ምግብ የምናውቀውን ሊያካፍላቸው፣ እነሱ ከሚያውቁትም ሊማር ይገባል። በሽሮና በእንጀራ ጉዳይ አስተማሪዎቹ እነሱ ይሆናሉ ብዬ እገምታለሁ።

ለማጠቃለል፣ ጥያቄው ከእንግዲህም ይጠየቅ። «ለሕዝቡ ምኑ ነው?» የማይል ትምህርት ቤት ሕዝብን ይረሳል። ነገር ግን ጥያቄው መልስ ለማግኘት ይጠየቅ እንጂ ተናጋሪን ለማስቀመጥ አይጠየቅ። የወሎ ገበሬ «ወተት በጉንጬ» ብሎ የሰየመውን ዘር ለእኛ ጠብቆ አቆይቷል፤ እሱ በእጁ የነበረውን ሠርቷል። ያ ዘር ላይሲኑን የሚሰጥበትን በር ማን እንደሚከፍተውና ማን እንደሚዘጋው አጥንቶ ለገበሬው ልጅ መመለስ ግን የእኛ ተራ ነው። የውሃ አባቱ ተራችንን ጠርቷል። ተራውን ያሳለፈ ማሳ ደግሞ ይደርቃል።